አፍ የሌለው ትል

በየቀኑ የምናያቸው እንስሳት ሁሉ አፍ አላቸው። ላም ትግጣለች፤ ዶሮ ትለቅማለች። በጥልቅ ባሕር ወለል ላይ ግን አፍም ሆነ አንጀት የሌለው ትል ይኖራል። ርዝመቱ እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። ታዲያ ምን በልቶ ይህን ያህል አደገ?

ይህ ትል የታየው በየካቲት ወር 1969 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1977) ነው። የመሬትን አፈጣጠር የሚያጠኑ ተመራማሪዎች አልቪን በምትባል ትንሽ ጠላቂ መርከብ ተሳፍረው በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በጋላፓጎስ ደሴቶች አካባቢ፣ 2,500 ሜትር ያህል ወደ ታች ወረዱ። እዚያ የፀሐይ ብርሃን አይደርስም። እነርሱ የሚፈልጉት ከባሕር ወለል ስንጥቅ የሚወጣ ፍል ውሃ ነበር። ፍል ውሃውን አገኙ፤ በዙሪያውም ያልጠበቁትን የእንስሳት መንደር አገኙ። እንደ ሸምበቆ የቆሙ ነጫጭ ቱቦዎች አዩ። ከየቱቦው ጫፍ ላባ የሚመስል ደም የመሰለ ቀይ ነገር ብቅ ብሏል። ትሉ እርሱ ነው።

የትሉ ሆድ ዕቃ ሲከፈት ለስላሳ ሥጋ ሞልቶት ተገኘ። በሥጋው ውስጥ የድኝ ቅንጣቶች ነበሩ። ኮሊን ካቫኖ የተባለች የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህን ስትሰማ፣ በሥጋው ውስጥ ባክቴሪያ መኖር አለበት ብላ አሰበች። በ1973 ዓ.ም. (1981) ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ማስረጃውን አሳተመች። ባክቴሪያ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ሕይወት ነው። በዚህ ሥጋ በአንድ ግራም ውስጥ ብቻ በቢሊዮን የሚቆጠር ባክቴሪያ አለ።

ሥራውን እንዴት እንደተከፋፈሉት እንይ። ከፍል ውሃው ጋር የተበላሸ እንቁላል የሚሸት የድኝ ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ መርዝ ነው፤ ትንፋሽ አቋርጦ ይገድላል። የትሉ ደም ግን ኦክሲጅኑንም የድኙን ጋዝም ለየብቻ ይዞ፣ ሳይመረዝ፣ ለባክቴሪያዎቹ ያደርሳል። ባክቴሪያዎቹ ሁለቱን አዋህደው ኃይል ያገኛሉ፤ በኃይሉም ምግብ ይሠራሉ። ቅጠል በፀሐይ ኃይል የሚሠራውን፣ እነርሱ በጨለማ በድኝ ኃይል ይሠሩታል። ትሉ ከሠሩት ምግብ ይካፈላል፤ ከባክቴሪያዎቹም አንዳንዶቹን ይፈጫል። እነርሱም በበኩላቸው መጠለያና ቀለብ ያገኛሉ።

ትሉ ባክቴሪያውን ከእናቱ አይወርስም። ጨቅላ ሳለ ከባሕሩ ውሃ በቆዳው በኩል ይገቡበታል። ይህም በ1998 ዓ.ም. (2006) ታወቀ። ያለ እነርሱ አያድግም። ስንጥቁ ተዘግቶ ፍል ውሃው ሲቆም ደግሞ የድኙ ጋዝ ይቋረጣል። ትሉ ተነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ አይችልም። ምግብ ሠሪዎቹ ሥራ ሲፈቱ እርሱም በቆመበት ይሞታል።

ነገሩ ከእኛም ማሳ የራቀ አይደለም። ባቄላ ነቅለን ሥሩን ብናይ ትንንሽ እብጠቶች እናገኛለን። በውስጣቸው ባክቴሪያ አለ። ከአየር ናይትሮጂን ወስዶ ለባቄላው ይሰጣል፤ ባቄላውም ከቅጠሉ የሠራውን ስኳር ይመግበዋል። ከባቄላ በኋላ የተዘራ ስንዴ የሚያምረው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

መቼም ባክቴሪያ ሲባል በመጀመሪያ ትዝ የሚለን በሽታ ነው። እውነት ነው፤ ኮሌራን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ስለዚህ ውሃ አፍልተን መጠጣት፣ እጃችንን በሳሙና መታጠብ አለብን። ግን ሁሉም ጠላት አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በዓይን የማይታየውና አፍ የሌለው ተጋግዘው መርዙን ቀለብ አድርገውታል።

ጥያቄዎች

1. ትሉ አፍ ሳይኖረው ምግብ የሚያገኘው እንዴት ነው?
2. የትሉ ደም ምን ምን ያጓጉዛል?
3. ፍል ውሃው ቢቆም ትሉ ለምን ይሞታል?
4. በአካባቢያችሁ ባቄላ ካለ አንድ ነቅላችሁ ሥሩን ተመልከቱ። ምን አያችሁ? በሦስት መስመር ጻፉ።