ብቻውን የሚጓዝ ተማሪና የጥንት ሥራዎች

በአየርላንድ ገጠር ብቻውን የሚዞር መንገደኛ ከሚያያቸው የጥንት ሥራዎች አንዱ ኒውግሬንጅ የሚባለው የድንጋይ መቃብር ነው። ከተሠራ ከ5000 ዓመት በላይ ስለ ሆነው፥ ከጊዛ ፒራሚዶች ይቀድማል። በዓመቱ እጅግ አጭር በሆነው ቀን ማለዳ የፀሐይ ብርሃን ከበሩ በላይ ባለው ቀዳዳ ገብቶ ውስጡን ያበራዋል።

ከጨለለቂ የሚነሣ ተማሪ ግን ባሕር ሳይሻገር በነቀምቴ የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ማየት ይችላል። ግቢውን በ19ኛው ምዕተ ዓመት የመሠረቱት የሌቃ ነቀምቴ ገዥ ሞረዳ በከሬ ናቸው። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት ራስ ጎበና የጎጃምን ጦር ድል ካደረጉ በኋላ፥ ሞረዳ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ገበሩ። ልጃቸው ኩምሳም ክርስትና ተነሥተው ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ።

ይሁን እንጂ ድንጋይ ይታገሣል፤ እንጨትና ጭቃ አይታገሥም። ጣራ ካፈሰሰ ግድግዳ ይርሳል፤ ምስጥም ምሰሶውን ይበላል። እንግዲህ ተጓዡ ሦስት ነገር ያድርግ።

አንደኛ፥ ከመነሣቱ በፊት ሽማግሌዎችን ይጠይቅ።

ሁለተኛ፥ ከስፍራው ሲደርስ አሠራሩን አስተውሎ ይመልከት፤ ስሙን ግን በግድግዳ ላይ አይጻፍ።

ሦስተኛ፥ ያየውንና የሰማውን ለይቶ በደብተሩ ያስፍር፤ ወሬና ምስክር አንድ አይደሉምና።

ከጓደኛ ጋር የሄደ እርስ በርሱ ሲጫወት ይውላል፤ ብቻውን የሄደ ግን የአገሩን ሰው መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። የብቻ ጉዞ ጥቅሙ ይህ ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፥ የምታውቁትን ንገሩን። ያዘመመ ቤት በአናጢ ይቃናል፤ ሳይነገር የቀረ ታሪክ ግን የሚያቃናው የለም።