ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ

እ.ኤ.አ. በ1933 አሜሪካ ለ13 ዓመታት የዘለቀውን የአልኮል ክልከላ ልታነሣ ጥቂት ወራት ሲቀሯት፣ በካሊፎርኒያዋ ሞዴስቶ ከተማ ሁለት ወንድማማቾች ወይን ጠጅ እንሥራ ብለው ተነሡ። ኧርነስትና ጁሊዮ ጋሎ ይባላሉ። የወይን ተክል ጠባይ አባታቸው እርሻ ላይ ሲሠሩ ጠንቅቀው ተምረዋል፤ ፍሬውን ወደ መጠጥ የመለወጡ ሙያ ግን የላቸውም። ወላጆቻቸውን በዚያው ዓመት በድንገት አጥተዋል። ገንዘባቸው 6,000 ዶላር አይሞላም፤ እሱም አብዛኛው ብድር ነው።

ታዲያ ወዴት ሄዱ? ወደ ከተማዋ ቤተ መጻሕፍት። ምድር ቤቱ ውስጥ፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከክልከላው በፊት ያሳተማቸውን ሁለት ቀጫጭን ጥራዞች አገኙ። ወይን እንዴት እንደሚፈላና እንዴት እንደሚያዝ ያነበቡት ከእነዚያ ነው። ዛሬ ስማቸውን የያዘው ኩባንያ ከዓለም ታላላቅ የወይን ጠጅ አምራቾች አንዱ ነው።

ይህን የማነሣው እርስዎም ነገ ባለ ፋብሪካ ይሆናሉ ለማለት አይደለም። እኔን የሚገርመኝ የፋብሪካው ትልቅነት ሳይሆን የጥራዞቹ ቅጥነት ነው። አንድን ነገር ለመጀመር የሚያስፈልገን ዕውቀት ብዙ ጊዜ ከምንፈራው ያነሰ ነው።

ደግሞ እርስዎ ባዶ እጅዎን አይደሉም። ጠላ ሲጠመቅ፣ ጠጅ ሲጣል ያየ ሰው፣ ጋን በግራዋ ታሽቶ በወይራ ሲታጠን ያሸተተ ሰው፣ ለዚህ ሙያ እንግዳ አይደለም። ጥንስስ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ድፍድፍ ሲንተከተክ ሰምተዋል። አተላ ከሥር እንደሚቀር ማንም ሊነግርዎ አይገባም። እንዲያውም ወይን ከጠላ ይቀላል። ብቅል የለ፣ ጌሾ የለ፣ ቂጣ መጋገር የለ፤ ስኳሩም ውሃውም እዚያው ፍሬው ውስጥ ናቸው።

በአሜሪካ የሚኖሩ ከሆነ የካሊፎርኒያ ወይን በመስከረምና በጥቅምት በሣጥን ይሸጣል፤ አንዱ ሣጥን 16 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ከእሱ 10 ሊትር ገደማ፣ ማለትም ደርዘን ጠርሙስ የሚሆን ወይን ጠጅ ይወጣል። ሌላ ቦታ ከሆኑ ከፍራፍሬ ቤት የሚገዛውም ይሆናል፤ ግን ለመብል የሚሸጠው ወይን ስኳሩ አነስተኛ ነው። ለመጠጥ ተብሎ የተተከለው ሲበስል ከ22 እስከ 24 በመቶ ስኳር ይይዛል፤ እሱም ከ12 እስከ 14 በመቶ አልኮል ይሰጣል። ጎደሎውን ለመሙላት በአንድ ሊትር ጭማቂ 17 ግራም ያህል ስኳር ሲጨመር አልኮሉ በአንድ በመቶ ከፍ ይላል። የጭማቂውን ስኳር የሚያሳየው፣ ሃይድሮሜትር የሚባለው የብርጭቆ መለኪያ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ይግዙት። ሌላውን መሣሪያ ሁሉ ለጊዜው ይተዉት። ሰው ዕቃ ሲሰበስብ ሥራ የጀመረ ይመስለዋል፤ አልጀመረም።

የመጀመሪያው ቀይ ይሁን። ነጩ ቀዝቃዛ ቦታና የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፍሬውን ከዘለላው እንጨት ያርግፉ፤ እንጨቱ ያመርራል። የበሰበሰውን ይጣሉ። ለምግብ በተሠራ ንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ በእጅዎ ይጭመቁት፤ ልጆች ካሉ እግራቸውን አሳጥበው ያስገቧቸው፣ ይደሰታሉ። ዘሩ እንዳይደቅ ብቻ ይጠንቀቁ። ባልዲውን ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሙሉት፤ ይነሣል። የወይን እርሾ በትንሽ ፓኬት ይሸጣል፤ አምስት ግራሙ ለ20 ሊትር ያህል ይበቃል። የዳቦ እርሾም ይሠራል፤ ጣዕሙ ግን ያን ያህል አይደለም። ንጹሕ ጨርቅ ያልብሱትና ይተዉት። በማግስቱ ይንሾካሾካል።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ርእስ እዚህ ላይ ይገባል። ድፍድፉ መፍላት ሲጀምር የሚወጣው ጋዝ ልጣጩን ወደ ላይ ገፍቶ ወፍራም ክዳን ያደርገዋል። ያ ክዳን ከደረቀ ኮምጣጤ የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ይሰፍሩበታል። ቀለሙም ያለው ልጣጩ ላይ ነው፤ የአብዛኛው ቀይ ወይን ጭማቂ ራሱ ነጣ ያለ ነውና ከልጣጩ ጋር ካልተቀመጠ አይቀላም። ስለዚህ በንጹሕ የእንጨት ማንኪያ ክዳኑን ወደ ታች ይደፍቁታል። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ። ለአንድ ሳምንት ያህል። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

ቀላል ነው አይደል? የመጀመሪያው ቀን ያለ ጥርጥር ቀላል ነው። ማንኪያውን ይዘው ይሮጣሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ ለእህትዎ ይልካሉ። አራተኛው ቀን ላይ ግን ከሥራ አምሽተው ይመጣሉ፤ ወይም እንግዳ ይመጣል፤ ወይም ዝም ብሎ ይሰለቻል። ድፍድፉ ደግሞ ስሜትዎን አይጠይቅም። ወይኑ የሚሠራው በዚያ በአራተኛው ማታ ነው። ስለ መነቃቃት ብዙ ይወራል፤ እኔም ከሚያወሩት አንዱ ነኝ። ነገር ግን ወረት ከሦስት ቀን አያልፍም፤ ልማድ ነው ሳምንቱን የሚጨርሰው። ስለዚህ ባልዲውን ቡና ከሚያፈሉበት አጠገብ ያስቀምጡት። ጀበናው ከመጣዱ በፊት አንዴ፣ ጥርስዎን ከመቦረሽዎ በፊት አንዴ። አዲሱን ሥራ ድሮ ከለመዱት ጋር ካሰሩት የማስታወስ ሸክሙ ይቀልልዎታል። ይህን በአንድ ባልዲ ላይ የቻለ ሰው ቋንቋ መማርንም፣ ቁጠባንም፣ የጠዋት እርምጃንም ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ትምህርት ተቃራኒው ነው፤ ለብዙዎቻችንም የሚከብደው እሱ ነው። ሳምንቱ ሲሞላና መፍላቱ ሲበርድ በንጹሕ ጨርቅ ያጥልሉና ጭማቂውን አንገቱ ጠባብ በሆነ ትልቅ የብርጭቆ ዕቃ ይሙሉት። አፉ ላይ ጋዙን የሚያስወጣ፣ አየር ግን የማያስገባ፣ ውሃ ያለበት ትንሽ ቱቦ ይገጠማል። ጥርቅም አድርገው አይዝጉት፤ ከስኳሩ ክብደት ግማሽ የሚጠጋው ጋዝ ሆኖ ይወጣልና ዕቃው ሊፈነዳ ይችላል። ክፍሉም አየር የሚያገኝ ይሁን። ከዚያ በኋላ እጅዎን ይሰብስቡ። በየቀኑ ከፍቶ መቅመስ፣ ለጎረቤት ማስቀመስ፣ ማነቃነቅ የለም። በከፈቱት ቁጥር አየር ይገባል። ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ በቀጭን ቱቦ ከአተላው ላይ ወደ ሌላ ዕቃ ያዛውሩት፤ ከዚያም በየሁለትና ሦስት ወሩ እንዲሁ። እስከ አንገቱ ሙሉ መሆኑን ይመልከቱ። የሃይድሮሜትሩ ቁጥር ከ1.000 በታች ሲወርድና እዚያው ሲረጋ፣ ጠጁም ሲጠራ፣ ለጠርሙስ ደርሷል።

መሥራትም ሙያ ነው፤ አለመንካትም ሙያ ነው። ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ያውቃል።

«ሁሉን ካወቅሁ በኋላ እጀምራለሁ» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ለእነሱ ጆርጂያን እጠቅሳለሁ። የካውካሰሷ ጆርጂያ ውስጥ 8,000 ዓመት ገደማ ባስቆጠሩ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ የወይን ጠጅ ቅሪት ተገኝቷል፤ ዛሬም የአገሩ ሰው ክቬቭሪ በሚባል፣ መሬት ውስጥ በሚቀበር ትልቅ ጋን ያፈላዋል። ሉዊ ፓስተር ስለ ወይን ጠጅና ስለ በሽታዎቹ ያጠናውን መጽሐፍ ያሳተመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1866 ነው። በመካከሉ ስንት ሺህ ዓመት የሰው ልጅ እርሾ የሚባል ሕያው ነገር መኖሩን ሳያውቅ እየጨመቀ፣ እየጠበቀ፣ እየጠጣ ኖረ። ዕቃውን ማጠብ ግን ያውቅ ነበር፤ እርስዎም ከሁሉ በላይ የሚያስፈልግዎ እሱ ነው። ማንኪያው፣ ቱቦው፣ ጠርሙሱ፣ እጅዎ፤ ሁሉም ንጹሕ። ቢኮመጥጥ እንኳ ለሰላጣ የሚሆን ኮምጣጤ አገኙ።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልበል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ አንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት 200 ጋሎን ለራሱ መሥራት ይችላል፤ መሸጥ ግን አይቻልም። ሳዑዲ ዓረቢያና ኩዌት ያላችሁ ወገኖች ይህን ጽሑፍ ለንባብ ብቻ ውሰዱት፤ እዚያ አልኮል መሥራት ወንጀል ነው።

ትንሽ ደብተር ይያዙ። የወይኑን ዓይነት፣ የመለኪያውን ቁጥር፣ የክፍሉን ሙቀትና ጠዋትና ማታ ያዩትን በአንድ መስመር ይጻፉ። የሚቀጥለው ዓመት ጠጅ የሚሻለው ከዚያ ደብተር ነው። ሁለት ሣጥን የሚገዛ ጓደኛ ካገኙ ደግሞ ሣጥኑን ይካፈሉና እየተደዋወላችሁ ሥሩ፤ ብቻውን የጀመረ ሰው አራተኛው ማታ ላይ የሚደውልለት የለውም።

በመስከረም የተጨመቀ ወይን ለፋሲካ ይደርሳል። ሰባት ወር ያህል አለው፤ ለመጥራትም፣ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ለማረፍም ይበቃዋል። የዘንድሮ ጾም ሲፈታ ማዕድዎ ላይ ምን እንደሚቀርብ ከአሁኑ ያስቡበት፤ ባልዲው እንደሆነ ቤትዎ ውስጥ አይጠፋም።