የአብያታን አዕዋፍ ለማየት

ጥያቄ፦ ከአዳማ ተነሥተን አብያታ ሻላ ፓርክን ለመጎብኘት አስበናል። መቼ ብንሄድ ይሻላል?

መልስ፦ በመቂና በባቱ አልፎ ወደ ደቡብ የሚወርደውን መንገድ ይዛችሁ፣ የአውሮፓን ብርድ የሚሸሹት አዕዋፍ በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች በሚሰፍሩበት፣ ከወርኃ ኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ብትደርሱ መልካም ነው። ሻላ እስከ 266 ሜትር የሚጠልቅ ሲሆን፣ ጥልቀት የሌለው ጎረቤቱ አብያታ ግን፣ ገባሩ ለመስኖ፣ የራሱም ውሃ ለሶዳ ፋብሪካ ስለ ተቀዳ፣ እጅግ ሸሽቶ ዓሣው ጠፍቷል፤ ስለዚህ በሻላ ደሴቶች የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ዛሬ ለምግባቸው ርቀው ይበርራሉ፤ በአብያታ ዳር በብዛት የሚታየው ፍላሚንጎ ነው። ውሃው የለቀቀው ምድር ደረቅ መስሎ ሥሩ ጭቃ ነውና መኪናችሁን አርቃችሁ አቁሙ፤ ከፓርኩ አስጎብኚ ጋር በእግር ሂዱ፤ ለፎቶግራፍ ብላችሁም መንጋውን አታስበርግጉ።