ሊኑክስ ለቤት ኮምፒዩተር፤ በነጻ ቢገኝም ወጪ አለው

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና «ቲፒኤም 2.0» የተባለውን የደህንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ በርካታ አሮጌ ማሽኖች አይቀበሉትም። በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ የሚሠራ ነጋዴ እንግዲህ ያሉት አማራጮች በአመዛኙ ሦስት ናቸው፦ ማሻሻያ በሌለው ሲስተም መቀጠል፣ አዲስ ማሽን መግዛት ወይም ወደ ሊኑክስ መሻገር።

ለመሆኑ ሊኑክስ ምንድን ነው? ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። የእጅ ስልካችን አንድሮይድም በእርሱ ላይ የቆመ ነው። ለቤት ተጠቃሚ ከተዘጋጁት መካከል ኡቡንቱና ሚንት ይታወቃሉ። ሚንት 22 በ2 ጊጋባይት ራም ይነሳል፤ 4 ቢሆን ይመረጣል። አንድ ሰው አውርዶ ለጎረቤቱ በፍላሽ ቢገለብጥለት ሕግ አልጣሰም። ኢንተርኔት በጥቅል ለሚገዛ ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ይሁን እንጂ ዋጋና ወጪ ይለያያሉ። ከመሻገር በፊት ሦስት ነገሮች ይጣሩ።

አንደኛው አማርኛ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ በሊኑክስ ማንበብም መጻፍም ይቻላል፤ በአማርኛ ኪቦርዱ በላቲን ፊደል እየመቱ መጻፍ አይቸግርም። ችግሩ ያለው ቀድሞ በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ውልና ደብዳቤ ላይ ነው። ፎንቱ አብሮ ካልተጫነ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣል።

ሁለተኛው የሒሳብ መዝገብ ነው። በሀገራችን የሒሳብ ሠራተኞች የለመዱት ፒችትሪ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። የወርድና የኤክሴል ፋይሎችን ሊብሬኦፊስ ይከፍታቸዋል፤ ሆኖም የገጽ አቀማመጣቸው ሊዛነፍ ይችላል።

ሦስተኛው ጥገና ነው። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በአቅራቢያ ሊኑክስ የሚያውቅ ባለሙያ ከሌለና ማሽኑ ጎንደር የሚሄድ ከሆነ ትራንስፖርቱና የሚባክነው የሥራ ቀን ከነጻው ሲስተም ላይ የሚቀነስ ወጪ ነው።

ከዚህ ተነስተን ስንመዝነው፣ ኮምፒዩተሩን ለኢንተርኔት፣ ለደብዳቤ፣ ለፊልምና ለልጆች ትምህርት ብቻ ለሚጠቀም ቤተሰብ ሊኑክስ ይበቃል። የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሰው ኢሜይሉንና የክፍል ምዝገባውን በብራውዘር የሚሠራ ከሆነም ያዋጣዋል። የገብስና የባቄላ ነጋዴ ግን መዝገቡ ፒችትሪ ላይ ከሆነ ዋናውን ማሽን ባይነካ ይመረጣል። ዊንዶውስ 10 ያለበትን ከኢንተርኔት ነጥሎ ለሒሳብ ብቻ ማዋል፣ ሁለተኛውን አሮጌ ማሽን በሊኑክስ ማንቃት ይችላል።

ለመወሰን ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ኡቡንቱም ሆነ ሚንት ሳይጫን ከፍላሽ ተነስቶ ይሞከራል። በዚያው ሁኔታ ፕሪንተሩን፣ ዋይፋዩን፣ የድምፅ ማጉያውንና አንድ የቆየ የአማርኛ ሰነድ መፈተን ነው። ፈተናውን ካለፈ ፋይሎችን በሌላ ዲስክ ገልብጦ መጫን ይቻላል፤ ካላለፈ ፍላሹን ነቅሎ ወደ ነበረው መመለስ ነው።