ሕመምን ስለ ማስታገስ፤ ከናይሮቢ ከተማ የተገኘ ትምህርት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባል ለሕዝብ ጤና የሚጠቅም ምክር መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን በሽተኛው ሕመሙን ሳይደብቅ ተናግሮ፥ ሐኪሙም ሰምቶ፥ መድኃኒቱም በዓለም ላይ እያለ በሽተኛው ሲሠቃይ የሚያድርበት ጊዜ አለ። ይህ በምን ምክንያት እንደሚሆንና እንዴትስ እንደሚቃና የኬንያ ዋና ከተማ የናይሮቢ ታሪክ በሚገባ ያስረዳል። ስለዚህ ለከተማ ነዋሪዎችና ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ትምህርት እንዲሆን ነገሩ ከዚህ በታች በአጭሩ ተገልጿል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩፤ የሕመም ዓይነት

ሕመም በተፈጥሮው ጠባቂ ነው። እሳት የነካው ሰው እጁን ወዲያው የሚሰበስበው፥ አጥንቱ የተሰበረውም እግሩን የሚያሳርፈው ሕመም ስለሚያስጠነቅቀው ነው። እንዲህ ያለው ድንገተኛ ሕመም ቁስሉ ሲድን አብሮ ይጠፋል።

ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ ወይም እየተመላለሰ የሚያሠቃይ ሕመም ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሐኪሞች ሥር የሰደደ ሕመም ይሉታል። ቁስሉ ከዳነ በኋላም እንኳ ነርቮች የስቃይን መልእክት ማስተላለፋቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ፤ በዚህ ጊዜ ሕመሙ ጠባቂነቱ ቀርቶ ራሱ በሽታ ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2022 ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ለዚህ ሕመም የራሱን ክፍል ሰጥቶታል። በነቀርሳ ምክንያት የሚመጣው ስቃይ፥ የወገብ ሕመምና የራስ ፍልጠት በዚህ መዝገብ ቢገናኙም፥ መድኃኒታቸው አንድ አለመሆኑን ቀጥሎ ያለው ያሳያል።

፪፤ በናይሮቢ የተጀመረው ሥራ

በ1990 በናይሮቢ፥ በኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ፥ ናይሮቢ ሆስፒስ የተባለ ድርጅት ሥራውን ጀመረ። ድርጅቱ የሚረዳው በሽታቸው ሊድን ያልቻለውን፥ ይልቁንም በነቀርሳ የተያዙትን ሰዎች ነው። ዓላማው የቀረው ዕድሜ ያለ ስቃይ በቤተ ሰብ መካከል እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ነርሶቹ በሽተኛውን በቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ፤ አስታማሚውንም መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሰጥ ያስተምሩታል።

የዚህ ሥራ ዋና መሣሪያ ከኦፒየም የሚወጣው ሞርፊን ነው። ሞርፊን ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ሴርቱርነር በተባለ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ተለይቶ የታወቀ ስለ ሆነ አዲስ መድኃኒት አይደለም፤ የተሻሻለው አሰጣጡ ነው። ቀድሞ በሽተኛው ስቃዩ እስኪጠናበት ይጠበቅና በመርፌ ይሰጠው ነበር። የመርፌው ኃይል ሲያልቅ ስቃዩ ስለሚመለስ በሽተኛው ቀኑን ሙሉ የሚቀጥለውን መርፌ ሲናፍቅ ይውል ነበር።

የዓለም የጤና ድርጅት በ1986 ባወጣው መመሪያ መድኃኒቱ በአፍ፥ በሰዓቱና በደረጃው እንዲሰጥ መከረ። በአፍ ማለት መርፌ ወጊ ሳያስፈልግ በሽተኛው በቤቱ እንዲጠጣው ነው። በሰዓቱ ማለት ስቃዩ ተመልሶ ሳይመጣ፥ የሚጠጣው ሞርፊን በየአራት ሰዓቱ እንዲሰጥ ነው። በደረጃው ማለትም እንደ ፓራሲታሞል ባለው ቀላል መድኃኒት ተጀምሮ፥ ይህ ካልበቃ ወደ መካከለኛው፥ ያም ካልበቃ ወደ ሞርፊን እንዲወጣ ነው።

የሞርፊኑ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ በጠርሙስ ስለሚሰጥ ዋጋው ርካሽ ነው። ሞርፊን ሆድ የሚያደርቅ በመሆኑ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። በሐኪም ቁጥጥር ሥር ለነቀርሳ ስቃይ ሲሰጥ በሱስ የሚያዘው ሰው ጥቂት መሆኑም በብዙ አገር ታይቷል።

፫፤ መድኃኒቱ ለምን ሳይዳረስ ቀረ

ሥራው እንዲህ በመልካም ቢጀመርም ወደ መላው አገር ቶሎ አልተስፋፋም። ሂውማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት በ2010 በኬንያ ስለ ታመሙ ሕፃናት ባወጣው ጥናት፥ 250 ከሚያህሉት የመንግሥት ሆስፒታሎች መካከል የሚጠጣ ሞርፊን የተገኘው በሰባቱ ብቻ መሆኑን ገለጸ። በቀሩት ሆስፒታሎች አጠገብ የሚኖር ሕፃን በነቀርሳ ቢሠቃይ፥ እናቱ መድኃኒቱ ወደሚገኝበት ሌላ ቦታ ካልወሰደችው በቀር የምታገኝለት እፎይታ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ለዚህ ምክንያት የሆኑት ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው ፍርሃት ነው፤ ብዙ ሐኪሞችና ነርሶች ሞርፊንን የሞት ዋዜማ ምልክት አድርገው ስለሚያዩት እስከ መጨረሻው ቀን ያቆዩታል። ሁለተኛው የትምህርት ማነስ ነው፤ ሕመምን መለካትና ማስታገስ በሕክምና ትምህርት ውስጥ የተሰጠው ጊዜ አጭር ነበር። ሦስተኛው የአስተዳደር ጉዳይ ነው፤ ሕጉ ስለ አደንዛዥ ዕፅ ቅጣት በሰፊው ሲናገር መድኃኒቱ ለበሽተኛ እንዲደርስ የማድረጉ ግዴታ ተዘነጋ።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ነገሮች የማይቃረኑ መሆናቸውን ዓለም አቀፍ ሕግ ራሱ ያስረዳል። በ1961 የተፈረመው የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት መንግሥታት እነዚህን ዕፆች እንዲቆጣጠሩ ያዛል፤ በመግቢያው ግን ስቃይን ለማስታገስ የግድ የሚያስፈልጉ መሆናቸውን ገልጾ፥ ለሕክምና በበቂ እንዲገኙ መደረግ እንዳለበት ያስታውቃል። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ መንግሥት ለዓመቱ የሚያስፈልገውን መጠን ገምቶ በቪየና ለሚገኘው ተቆጣጣሪ ቦርድ ያቀርባል። ሆስፒታሎች የሚያስፈልጋቸውን በትክክል ካላሳወቁ ግምቱ ያንሳል፤ ግምቱ ካነሰም መድኃኒቱ ያጥራል። በዚህ ምክንያት በአንድ መዝገብ ቤት የሚደረግ ቸልታ በሩቅ መንደር ወደሚገኝ በሽተኛ አልጋ ይደርሳል።

ከ2010 በኋላ የኬንያ መንግሥት የማስታገሻ ሕክምና በመንግሥት ሆስፒታሎች ውስጥ እንዲገባ አደረገ። በጎረቤት አገር በኡጋንዳ ደግሞ ሥራው በፍጥነት ተስፋፍቷል። በናይሮቢ ሆስፒስ በመጀመሪያው ጊዜ ያገለገሉት ሐኪም አን ሜሪማን በ1993 በካምፓላ ተመሳሳይ ድርጅት አቋቋሙ፤ የኡጋንዳ መንግሥትም በ2004 ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ ፈቀደ። ሐኪም በማይገኝበት ገጠር ይህ ፈቃድ ትልቅ ለውጥ ሆነ። ቢሆንም የዓለሙ ጉድለት ገና ሰፊ ነው፤ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ጉባኤ በ2017 እንዳስታወቀው፥ በዓለም በዓመት ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን የሞርፊን ወገን መድኃኒት ለድኾቹ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነበር።

፬፤ ሞርፊን የማይጠቅምበት ሕመም

ከላይ የተነገረው ሞርፊን ለሕመም ሁሉ ይሰጥ ማለት አይደለም። በአሜሪካ አገር ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሞርፊን ወገን የሆኑ መድኃኒቶች ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም ያለ ልክ በመታዘዛቸው ብዙ ሰው በሱስ ተይዟል፤ ብዙ ሰውም ሞቷል።

በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሥር የሰደደ የወገብ፥ የዳሌና የጉልበት ሕመም ያለባቸውን 240 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ አንድ ዓመት ተከታተለ። ለአንደኛው ክፍል የሞርፊን ወገን መድኃኒት፥ ለሁለተኛው እንደ ፓራሲታሞል ያለው ተሰጠ። በዓመቱ መጨረሻ የዕለት ሥራቸውን በመሥራት ረገድ ልዩነት አልተገኘባቸውም፤ ስቃያቸው በጥቂቱ ያነሰላቸው ግን ሁለተኞቹ ሆኑ። በ2023 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናትም ድንገተኛ የወገብና የአንገት ሕመም ባላቸው 347 ሰዎች ላይ ተደርጎ፥ የሞርፊን ወገን መድኃኒት መድኃኒትነት ከሌለው ኪኒን የማይበልጥ መሆኑን አሳይቷል። ለወገብ ሕመም የሚመከረው አልጋ ላይ አለመዋል፥ ሰውነትን በልኩ ማንቀሳቀስና ሥራን ቀስ በቀስ መቀጠል ነው።

፭፤ የራስ ፍልጠት

ማይግሬን የተባለው የራስ ፍልጠት ብዙ ጊዜ ግማሽ ራስን ይዞ የሚመታ፥ ከማቅለሽለሽ ጋራ የሚመጣ፥ ብርሃንና ጩኸት የሚያስጠላ ሕመም ነው። ካልታከመ እስከ ሦስት ቀን ሊቆይ ይችላል። በኢትዮጵያ በ2,385 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2016 የታተመ ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ ይህ ሕመም የሚያገኛቸው ከመቶ 17.7 መሆናቸውን ስላሳየ፥ የጥቂት ሰዎች ችግር ነው ሊባል አይቻልም።

በ1990 ሊቃውንት ሕመሙ በተነሣ ጊዜ ሲ.ጂ.አር.ፒ. የተባለ ንጥረ ነገር በደም ውስጥ እንደሚበዛ አገኙ። ይህን የሚከለክል መድኃኒት ከ2018 ጀምሮ ለበሽተኞች መሰጠት ቢጀምርም ዋጋው ከፍተኛ ነው። እንደ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ያሉት የቀድሞ ርካሽ መድኃኒቶችም በሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ ሲወሰዱ ሕመሙ ቶሎ ቶሎ እንዳይነሣ ይረዳሉ።

ሁሉም ሊያውቀው የሚገባው ማስጠንቀቂያ ይህ ነው፤ ተራ ማስታገሻ እንኳ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ሲወሰድ፥ መድኃኒቱ ራሱ የራስ ሕመም ያመጣል። ብዙ ሰው ሕመሙ ሲብስበት ኪኒኑን ይጨምራል፤ ኪኒኑም ሕመሙን ይጨምራል።

፮፤ ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ለእያንዳንዱ ሕመም የራሱ መድኃኒት እንዳለውና ሕመሙ በትክክል ካልተለየ አንዱ በመድኃኒት እጦት ሲሠቃይ ሌላው በመድኃኒት ብዛት እንደሚጎዳ ነው።

የጤና ሹማምንት ተግባር የሚያስፈልገውን መጠን በጊዜው ማስመዝገብ፥ መድኃኒቱን በቁልፍና በመዝገብ መጠበቅ፥ ተቆልፎ የተቀመጠውም ለሚገባው በሽተኛ መድረሱን መመርመር ነው። የሐኪምና የነርስ ተግባር የበሽተኛውን ስቃይ ከዜሮ እስከ ዐሥር በቁጥር ጠይቆ እንደ ትኩሳቱ በካርዱ ላይ መጻፍ ነው፤ ቁጥር ለማያውቅ ሕፃንም የሚሥቅና የሚያለቅስ ፊት ሥዕል አሳይቶ መጠየቅ ይቻላል። የቤተ ሰብ ተግባር ደግሞ ሕመሙ የተነሣበትን ቀንና የተወሰደውን ኪኒን ቁጥር በደብተር መዝግቦ ለሐኪም ማሳየት ነው። በሽተኛው ስቃዩን ሲናገር «ቻለው» ብሎ ዝም ከማሰኘት ይልቅ የተናገረውን ሰምቶ መጻፍ የሕክምናው መጀመሪያ ነው።