ማበረታቻው ለማን ይከፈል? የኮንትራክተርን ሥራ የመመዘን ዘዴ

ኮንትራክተር ሥራውን በጊዜ፣ በጥራትና በተመደበው ገንዘብ ሲፈጽም ከዋናው ሒሳብ ሌላ የማበረታቻ ክፍያ መስጠት በመከላከያ ግዥ በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ ነው። ይኸውም አዲስ ዓይነት አውሮፕላን ሲታዘዝ ዋጋውን አስቀድሞ ቆርጦ መዋዋል ስለሚያስቸግር፣ ገዢው ወጪውን እየሸፈነ የሠሪውን ትርፍ ከውጤት ጋር ያያይዛል። ችግር የሚመጣው ሚዛኑ ሲላላ ነው።

የአሜሪካ ተሞክሮ

የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ሪፖርት፣ የኤፍ-22 ተዋጊ አውሮፕላን ልማት ከሁለት ዓመት በላይ ዘግይቶና ወጪው በ10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ንሮ ሳለ፣ ኮንትራክተሩ ከተመደበው ማበረታቻ 91 በመቶውን መውሰዱን አመለከተ። ከዚያ በኋላ ደንቡ ጠበቀ። እጅግ በጣም ጥሩ ለተባለ ሥራ ከ91 እስከ 100 በመቶ፣ አጥጋቢ ለሆነ ከ50 በመቶ ያልበለጠ፣ ከዚያ በታች ለሆነ ምንም አይከፈልም። ያልተገኘ ማበረታቻንም ወደ ቀጣዩ ዙር ማሸጋገር ተከልክሏል።

የአገራችን ሁኔታ

በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመውና በመከላከያ ሥር የነበረው ብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) የስኳር ፋብሪካዎችንና የሕዳሴ ግድብን የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ ይዞ ነበር። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. የግድቡ ሥራ ተወሰደበት። ኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ድርጅቱ ያለ ጨረታ 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ የውጭ ግዥ መፈጸሙን አስታወቀ። አሠሪውም ሠሪውም መንግሥት ሲሆን ነጥብ የሚሰጥ ሦስተኛ ወገን ካልቆመ፣ መዘግየቱ የሚሰማው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው።

ለነጋዴው የሚጠቅመው ስሌት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ለቡ አካባቢ በ20 ሚሊዮን ብር መጋዘን የሚያሠራ ባለሀብት 1 ሚሊዮን ብር ለማበረታቻ መደበ እንበል። ለጊዜ 40፣ ለጥራት 40፣ ለወጪ 20 ነጥብ ይሰጣል። ኮንትራክተሩ ዘግይቶ ከጊዜ 20፣ ከጥራት 36፣ ከወጪ 16 ቢያገኝ ድምሩ 72 ነው። የሚከፈለውም 720 ሺህ ብር ይሆናል።

ሦስት ነገሮች ግን በውሉ ላይ አስቀድመው ይጻፉ። አንደኛ፣ ነጥብ ሰጪው ከኮንትራክተሩ ጥቅም የሌለው መሐንዲስ ይሁን። ሁለተኛ፣ ድምሩ ከ50 በታች ከሆነ ወይም ጥራቱ ከውሉ ካነሰ ማበረታቻ አይኖርም። ሦስተኛ፣ የነጥቡ መለኪያ ሥራው ከተጀመረ በኋላ አይለወጥ። ይህ ካልተደረገ ማበረታቻው በሌላ ስም የሚከፈል የዋጋ ጭማሪ ይሆናል።