ስለ ገበያ ቦታ አመራረጥ

ገበያ ማለት ብዙ ሰዎች በታወቀ ቀንና በታወቀ ስፍራ ተገናኝተው የሚሸጡበትና የሚገዙበት ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ፥ ከቀኑና ከስፍራው፥ አንዱ ቢጎድል ሸቀጡ ምንም ያህል ቢበዛ ገበያ አይባልም። ገበሬ ጤፉን በአህያ ጭኖ ሌሊት ከቤቱ ሲነሣ ገዢው ማን እንደ ሆነ አያውቅም። የሚያውቀው ቀኑ ሰኞ እንደ ሆነና ገበያው ከዋርካው ሥር እንደሚቆም ብቻ ነው። ገዢውም እንደዚሁ ብሩን ቋጥሮ ይመጣል። ሁለቱ የማይተዋወቁ ሰዎች አንዱ ባንዱ ተማምነው መንገድ የጀመሩት ስፍራው የታወቀና የማይናወጥ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ የገበሬዎችን ገበያ ለዘለቄታው የሚያኖር ሰው የብዙዎችን እምነት እንደ ተረከበ ባለ አደራ ነው።

ልጆች ሆይ፥ በአንድ ወረዳ አዲስ ገበያ ይቁም ተብሎ ጉባኤ በተደረገ ጊዜ ክርክሩን ተቀምጣችሁ ብትሰሙ ብዙ ነገር ትማራላችሁ። ሹሙ ገበያው ከደጃፉ እንዲሆን ይወዳል፤ ቀረጡን ለመሰብሰብ ይቀርበዋልና። ባለ ሱቁ ከሱቁ አጠገብ እንዲሆንለት ይፈልጋል። ከመንገዱ ዳር ቤት የሠራውም ሰው ቤቱን በብዙ ዋጋ ለማከራየት ያስባል። አሳባቸው እንዲያው ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ ሰው ሁሉ ለራሱ ይሻላል ያለውን ይናገራል። ነገር ግን እነዚህ ሦስቱ በጉባኤ ከፊት የሚቀመጡ ናቸውና ቃላቸው ይሰማል። ከሩቅ ቀበሌ ሽንብራዋን በጀርባዋ አዝላ የምትመጣው ባልቴት ግን አልተጠራችም። ጉባኤው ያለ እርስዋ ይፈጸም ይሆናል፤ ገበያው ግን ያለ እርስዋ አይቆምም።

ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው። በየሳምንቱ ወደ ገበያ የሚወጡ 300 ሴቶች አሉ እንበል። ገበያው ለሹሙ ምቾት ሲባል የ1 ሰዓት መንገድ ቢርቅባቸው፥ ለመሄጃ 1 ሰዓት፥ ለመመለሻም 1 ሰዓት፥ ለእያንዳንዳቸው 2 ሰዓት ይጨመርባቸዋል። ይህ በአንድ የገበያ ቀን 600 ሰዓት ይሆናል። በዓመት 52 ሳምንት አለና በዓመት 31,200 ሰዓት ነው። አንድ የሥራ ቀን 10 ሰዓት ነው ብንል፥ ሹሙ ከደጃፉ ሳይርቅ ቀረጡን እንዲሰበስብ ሴቶቹ በየዓመቱ 3,120 የሥራ ቀን ከፈሉ ማለት ነው። ይህን ያህል ቀን በግብር ስም ቢጠየቅ አገሩ ሁሉ በጮኸ ነበር፤ በየመንገዱ ጥቂት በጥቂት ሲወሰድ ግን ማንም አያየውም፥ በመዝገብም አይጻፍም።

ደግሞ መንገድ በርዝመቱ ብቻ አይለካም። ገበሬ ወደ ገበያ ሲሄድ ሸክሙ ከባድ ነው፤ ሲመለስ ግን ጨው፥ ዘይትና ሳሙና ይዞ ቀለል ብሎት ይመለሳል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ እኩል ከሆነ፥ አቀበቱ በመሄጃው ከሚሆን ይልቅ በመመለሻው ቢሆን ይሻላል። በመካከልም ወንዝ ካለ ድልድይ እንዳለው አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በበጋ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውኃ በሐምሌና በነሐሴ ሰው ይወስዳል፤ ያን ጊዜ የአገሩ እኩሌታ ከገበያ ይቀራል። ሽማግሌዎች ስፍራ የሚያዩት ብዙ ጊዜ በጥርና በየካቲት ነው፤ ሜዳው ሁሉ ደረቅ፥ ወንዙም ሁሉ ገር ሆኖ ሳለ። እኔ ግን ገበያ የሚመረጠው በነሐሴ ቢሆን እወድ ነበር።

አባቶቻችን ይህን ሁሉ በወረቀት ሳይነድፉ ያውቁት ነበር። በወሎ ያለውን የባቲን ገበያ ተመልከቱ። ባቲ ደጋው ወደ አፋር ቆላ ከሚወርድበት ቁልቁለት ላይ ያለ ከተማ ነው። በየሰኞው የደጋው አማራ፥ የአካባቢው ኦሮሞና የቆላው አፋር ይገናኙበታል። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ይወጣል፤ የደጋው ሰው እህሉን ጭኖ ይወርዳል። ገበያው በደጋው ላይ ቢሆን ኖሮ ግመሉን ብርድና ዳገት ይፈትነው ነበር፤ በበረሃው መካከል ቢሆን ደግሞ የደጋው አህያና በቅሎ በሙቀትና በውኃ ጥም በደከመ ነበር። በመካከል በመሆኑ ግን ሁለቱም ወገን ድካሙን ተካፈለ፤ ማንም ማንንም ወደ ቤቱ አልጎተተም።

በሸዋም እንዲሁ ከአንኮበር ተራራ በታች የዓልዩ አምባ የዓርብ ገበያ በ19ኛው መቶ ዓመት ስሙ የታወቀ ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በነገሡበት ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ነጋዴ ግመሉን በዚያ ያራግፍ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ከላይ ከአንኮበር ነበረ፤ የግመሉ ገበያ ግን ከዳገቱ በታች ቆመ። ግመል የንጉሥ ደጅ ቢሆንም እንዲያ ያለውን ዳገት በጭነት መውጣት አይሆንለትምና።

ስፍራው ለመንገድ ከተመቸ በኋላ መሬቱ ራሱ ይመረመራል። ጥቂት ዘንበል ያለ መሬት ከለጥ ያለ ሜዳ ይሻላል፤ ዝናብ ሲጥል ውኃው አይተኛበትምና። መሬቱ መረሬ ከሆነ በበጋ ይሰነጠቃል፥ በክረምት ጫማ ይውጣል፤ ጠጠር ያለበት ቀይ መሬት ይመረጣል። ውኃ በቅርብ መኖር አለበት፤ ይሁን እንጂ ከብቱ ከሚጠጣበት በላይ ሰው የሚቀዳበት ምንጭ ተለይቶ ይታጠራል፤ ሽንት ቤትም ከምንጩ በታች እንጂ በላይ አይቆፈርም።

ከዚህ በኋላ ተራ መለየት ነው። የከብቱ ተራ ከዳር ሆኖ የራሱ መግቢያ ሊኖረው ይገባል፤ የደነገጠ ወይፈን በሸክላ ሻጮች መካከል አንድ ጊዜ ቢያልፍ የሴቶቹን የወር ድካም ያደቅቀዋል። እህሉ ከከፍታው፥ ከደረቁ ይሁን። ቅቤ ጥላ ይሻል። በርበሬ ደግሞ ነፋሱ ከሚወጣበት ወገን እንጂ ከሚገባበት ወገን አይቀመጥም፤ ያለዚያ ገበያተኛው ሁሉ ሲያስነጥስ ይውላል። ይህ ሲነገር ያስቃል፤ ነገር ግን ሻጭ ሴቶችን ብትጠይቋቸው ሊቃውንት ረስተውት የሚያልፉትን ይህን ነገር አስቀድመው ይነግሯችኋል።

ስፍራ በክፉ አሳብ የተመረጠበትም ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ዋናው ገበያ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማይቱን በያዘ ጊዜ አራዳን የነጮች ሰፈር ለማድረግ ስለ ፈለገ፥ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው። በጣልያንኛ መርካቶ ማለት ገበያ ነውና ስሙ በዚያው ቀረ። የአሳቡ ሥር ሰውን በቀለሙ መለየት ነበረ፤ ይህን መሸፈን አይገባም። ሆኖም ጣልያን ከወጣ በኋላ ገበያው ወደ አራዳ አልተመለሰም። ስለ ምን? እኔ እንደሚመስለኝ መሬቱ ሰፊ ሆኖ ከየአውራጃው ለሚመጣው የጭነት መኪና ማራገፊያ ስለ ተገኘበት፥ ይልቁንም ነጋዴዎቹ ገንዘባቸውንና ዕድሜያቸውን ስላፈሰሱበት ነው። ዛሬ ብዙዎች በአፍሪካ ካሉት ገበያዎች እጅግ ሰፊው ነው ይሉታል። ከዚህ ተነሥቶ ገበያን የትም ቢጥሉት ይለመዳል የሚል ሰው ግን ይሳሳታል። መርካቶን ያጸናው ገፍቶ የጣለው መንግሥት አይደለም፤ ተገፍቶ የሄደው ሕዝብ በብዙ ዓመት ድካም ነው። ድካሙም ዋጋ ነበረው፤ ከፋዩም አዛዡ አልነበረም።

በቅርብ ዘመን የሆነውንም እንጨምር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ በአዲስ አበባ ከፒያሳ አጠገብ የነበረው አትክልት ተራ ሰው የሚጨናነቅበት ስለ ሆነ ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ሜዳው ሰፊ ነውና አሳቡ ለጊዜው የሚነቀፍ አልነበረም። ነገር ግን ጃን ሜዳ በየዓመቱ በጥር ወር የጥምቀት በዓል የሚከበርበት ስፍራ እንጂ የገበያ መሬት አይደለም። ክረምቱ በገባ ጊዜ ያልተነጠፈው መሬት ጭቃ ሆነ፤ የበሰበሰው ቲማቲምና ጎመን ከጭቃው ጋር ተቀላቀለ። የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ ሜዳው መለቀቅ ነበረበትና ገበያው ተነሥቶ ሃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው ሰፈር ሄደ። እንግዲህ አንድ ገበያ ዓመት ሳይሞላ ሁለት ጊዜ ስፍራውን ለወጠ ማለት ነው። መሬት ሰፊ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ አስቀድሞ የሌላ ነገር አደራ ያለበት መሬት፥ የበዓል ሜዳም ቢሆን፥ የመቃብር ስፍራም ቢሆን፥ የከብት ግጦሽም ቢሆን፥ ለዘለቄታው ገበያ ሊሆን አይችልም። ባለ አደራው አንድ ቀን መጥቶ ይጠይቃልና።

ገበያ ሲነሣ ደግሞ ከእርሱ ጋር የማይነሣ ብዙ ነገር አለ። ሸቀጥ በመኪና ይጫናል፤ ዱቤ ግን አይጫንም። ተሸካሚው በአቅራቢያው የተከራየው ክፍል፥ ሻይ የምታፈላው ሴት የለመደቻቸው ደንበኞች፥ ዛሬ ውሰድና በሚመጣው ሳምንት ክፈል የሚለው የቆየ መተማመን፥ እነዚህ ሁሉ ስፍራ አላቸው። ባለ ብዙ ገንዘቡ ነጋዴ በአዲሱ ስፍራ ሱቅ ይከፍታል። ከመደብ ላይ ሽንኩርት ከፍላ የምትቸረችረው ግን እንደገና ከሀ ትጀምራለች።

እንግዲህ ለአንድ ወረዳ ገበያ ስፍራ ምረጡ ብትባሉ፥ ከጉባኤው በፊት ወደ መንገዱ ሂዱ። በሦስት የገበያ ቀን ከንጋት ጀምሮ በየመንገዱ አፍ አንድ አንድ ልጅ ይቁም፤ ስንት ሰው በእግሩ፥ ስንት በአህያ፥ ስንት በመኪና እንደ መጣ ይቍጠር፤ ከየት እንደ ተነሡና በስንት ሰዓት እንደ ተነሡ ይጠይቅ። አንዱ ቀን በክረምት ይሁን። ሦስትና አራት ስፍራ ከታጨ በኋላ ለእያንዳንዱ የሁሉንም እግር ሰዓት ደምሩ፤ ከሁሉ ርቆ የሚመጣው ሰው ከመሸ በፊት ቤቱ ይገባ እንደ ሆነም ለብቻው ጠይቁ። በቅርብ ያሉ ገበያዎች የሚቆሙበትንም ቀን መርምሩ። ሰኞ በአንዱ፥ ረቡዕ በሌላው፥ ቅዳሜ በሦስተኛው የሚዞር ነጋዴ አለና፥ አዲሱ ገበያ በጎረቤቱ ቀን ቢቆም ሁለቱም ይጎዳሉ።

ስፍራው ከታወቀ በኋላ ወሬው በአካባቢው ገበያ ሁሉ ደጋግሞ ይለፈፋል፤ ጽሑፍ የማያነብ ብዙ ነውና በግድግዳ የተለጠፈ ወረቀት አይበቃም። መሬቱም በገመድ ተለክቶ ድንጋይ ይተከልበታል፤ ልኩ በወረዳው መዝገብ ይጻፋል፤ ወደ ፊት ለሚጨመረው ሰውም ከዳር ባዶ መሬት ይተዋል። ዋርካ ጥላ እስኪሆን ብዙ ዓመት ይፈጃልና፥ ችግኙ በዚያው በመጀመሪያው ክረምት ይተከል፤ ፍየል እንዳይበላውም ዙሪያው በእሾህ ይታጠር።